የተሞከረው በማን ማሳ ላይ ነው?

እኛ ስለ ኳስና ስለ ኑሮ ውድነት ስንነታረክ የምንከርም ሰዎች ነን። ዛሬ ግን የምንነታረከው ስለ ትል ነው። አትሳቁ!

ከመካከላችን አንዱ በበልግ የዘር ሰሞን አርባ ምንጭ ነበር። ሲቀላ ካሉት የእርሻ መድኃኒት መሸጫዎች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ለበቆሎ ዘር የሚለወስ ነገር ጠየቀ። አለ ተባለ። "ለየትኛው ተባይ ነው?" ሲል፣ "ለሁሉም ነው ወንድሜ!"

ለሁሉም! እንዲህ ያለ መድኃኒት ጠንቋይ ቤት እንኳ አይገኝም።

በአባያና በጫሞ ዳር ቆላ በቆሎ የሚዘራ ገበሬ አፈር ውስጥ ያለበት ጠላት አንድ አይደለም። ሽቦ ትል ፍሬውን ሳይበቅል ይቦረቡራል። ቆራጭ ትል ቡቃያውን ከአፈሩ አፍ ላይ ይቆርጣል። ምስጥ ደግሞ ትዕግሥተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቆሎው ሊደርስ ሲል ነው አገዳውን በልቶ የሚጥለው። ዘር ላይ የተለወሰ መድኃኒት ግን ኃይሉ በሳምንታት ያልቃል። እንግዲህ ቡቃያ ቆጥሮ "ሠርቷል" ብሎ የሄደ ሙከራ ስለ ምስጥ ምን ነገረን? ምንም።

ሒሳቡን እንየው። በ75 በ30 ሴንቲ ሜትር የተዘራ አንድ ሄክታር 44 ሺህ ያህል በቆሎ ይይዛል። ከአምስት አንዱ ቢጠፋ ወደ 9 ሺህ ነው። ድቅል ዘር እንደገና ይገዛል፤ ዝናቡ ግን አይጠብቅም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የፀረ ተባይ አዋጅ ቁጥር 674 መድኃኒቱ ሳይሞከር አይመዝገብ ብሎ ነበር። ጥሩ። ግን የት ይሞከር? ባኮ ላይ የሠራ ሁሉ ጋሞ ቆላ ላይ ይሠራል ያለን ማን ነው? ባኮ ደጋ ባይሆንም ከአርባ ምንጭ ከፍ ያለ፣ ዝናቡም የበዛ ነው። ጋሞ ራሱ እንኳ አንድ አይደለም፤ ጨንቻ ተራራ ላይ ገብስና እንሰት፣ ታች ሙዝና በቆሎ።

"ኬሚካል ሁሉ ይቅር" የሚሉ ወዳጆች አሉን። ማሳው ለተበላበት ሰው ይህ መልስ አይሆንም። ፍርሃታቸው ግን ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ ኢራቅ ውስጥ ሜርኩሪ የተለወሰ ዘር ለመዝሪያ ታደለ። ጽሑፉ ገበሬው በማያውቀው ቋንቋ ነበር። ሰው ቀለሙን አጥቦ ዳቦ ጋገረበት፤ መንግሥት ብቻ 459 ሙት መዘገበ። የአውሮፓ ኅብረትም ኢሚዳክሎፕሪድን፣ ክሎቲያኒዲንንና ቲያሜቶክሳምን እ.ኤ.አ. በ2018 ለንብ ሲል ከሜዳ እርሻ አግዷል። እኛ ዘንድ ዘሩን በባዶ እጅ የሚያሸው ገበሬ ትራፊውን ዶሮ እንዳትለቅመው የት ያድርግ? በጋሞኛ የነገረው አለ?

አርባ ምንጭ የግብርና ምርምር ማዕከልም ዩኒቨርሲቲም አላት። የምንጠይቀው ይህን ነው፦ በላንቴና በምዕራብ አባያ፣ ገበሬው ራሱ ማሳ ላይ፣ የተለወሰ ዘርና ያልተለወሰ ዘር ጎን ለጎን ይዘራ። ያልተለወሰው መደብ ከሌለ ተባዩ ዘንድሮ ባይመጣስ? መድኃኒቱ በነፃ ይመሰገናል! ቡቃያው ይቆጠር፤ የወደቀው አገዳም በአጨዳ ጊዜ እንደገና ይቆጠር። ያልሠራውም ስሙ ይጠራ፤ ውጤቱ መጽሔት ውስጥ ተቀብሮ አይቅር፣ ገበያ ቀን ሲቀላ ላይ ይለጠፍ።