በወጣት ሽንት ውስጥ ስለሚታይ ደምና ስለ ዘር ሐሜት

በዚህ ወር ልንጽፍበት ያሰብነው ነገር በአደባባይ ለመናገር የሚያሳፍር ቢመስልም፣ ዝም ሲባል ሰው የሚጐዳ በመሆኑ፣ አንባብያን በትዕግሥት እንዲመለከቱልን እንለምናለን። ይኸውም ገና በጕልበቱ ያለ ወጣት፣ ምንም ሕመም ሳይሰማው፣ ድንገት ሽንቱን ቀይ ሆኖ ሲያገኘው ስለሚያደርገው ነገር ነው።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በዙሪያቸውም ባለው ገጠር እንደምንሰማው፣ ደም ያየው ልጅ በመጀመሪያ የወንዝ ትል ነው ይላል፤ ወይም ጨብጥ እንዳይሆን ፈርቶ ይደብቀዋል። ሴት እንደ ሆነችም የወር አበባ መስሏት ታልፈዋለች። ደሙ በሁለት በሦስት ቀን በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ ሲቆምም ሕመምተኛው ዳንሁ ይላል። ዋናው አታላይ ይህ መቆሙ ነው፤ በሽንት ፊኛ ውስጥ የበቀለ የነቀርሳ ዕብጠት አንድ ቀን ደምቶ ለወራት ዝም ሊል ይችላልና።

የወንዙን ትል ነገር አስቀድመን እንጨርስ። የሰው ቢልሃርዝያ በአገራችን በሁለት ዓይነት ይገኛል። በእኛ አካባቢ ወንዞች የሚያዘው ማንሶኒ የሚባለው ሲሆን፣ መኖሪያው የአንጀት ደም ሥር ስለ ሆነ ደሙ የሚታየው ከዓይነ ምድር ጋር ነው። ሽንትን የሚያደማው ሄማቶቢየም የተባለው ግን የቈላ ነው፤ በመካከለኛው አዋሽ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በአሶሳ በኩል በኩርሙክ ይታወቃል። ይህኛው ሳይታከም ለብዙ ዓመት ከቈየ እርሱ ራሱ የፊኛ ነቀርሳ ያመጣል። ስለዚህ ለቀን ሥራ ወደ ቈላ ወርዶ በወንዝ የታጠበ ልጅ ይህን ለሐኪሙ ሊናገር ይገባዋል። ከመንደሩ ርቆ የማያውቅ ልጅ ግን በሽንቱ ደም ቢያይ ወንዙን መክሰስ የለበትም።

የፊኛ ነቀርሳ በአብዛኛው የሽማግሌዎች በሽታ መሆኑ እውነት ነው። በአሜሪካ ከሚታመሙት ከአሥሩ ዘጠኙ ከ55 ዓመት በላይ ናቸው። ከምክንያቶቹም ሁሉ የሚበልጠው ትምባሆ ነው፤ የጢሱ መርዝ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ኵላሊት ያልፍና በፊኛ ውስጥ ከሽንት ጋር ተጠራቅሞ ይቈያል። (በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤቶች ውስጥ ሲጋራ ማጨስ በአዋጅ ቍጥር 1112/2011 ተከልክሏል፤ በመናኸሪያ አጠገብ ባሉ ቡና ቤቶች ተቀምጠን እንዳየነው ግን አዋጁን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።) ነገር ግን «የሽማግሌ በሽታ ነው» ማለት «ወጣት አይይዝም» ማለት አይደለም። ሕዝቧ አብዛኛው ወጣት በሆነባት አገር፣ በወጣት ላይ አልፎ አልፎ የሚደርሰውን በሽታ የለም ብሎ መናቅ አይገባም።

በወጣቶች ላይ የሚታየው የዚህ በሽታ ጠባይ የተለየ መሆኑን የዘረ መል ምርምር ገልጦታል። በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ የሰውነት ሥራ የሚመራበት ጽሑፍ አለ፤ ፊደላቱ ከሦስት ቢሊዮን ይበልጣሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1982 በአሜሪካ የነበሩ ተመራማሪዎች ከአንድ የፊኛ ነቀርሳ ሕመምተኛ የተገኘውን ሕዋስ ሲመረምሩ፣ ኤች-ራስ በተባለው ዘረ መል ውስጥ አንዲት ፊደል ብቻ ተለውጣ አገኙ። በሰው ነቀርሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ ተለይቶ ሲታወቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህም ይኸው የኤች-ራስ ለውጥ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች በሆኑ ሕመምተኞች ዘንድ ከታላላቆቹ ይልቅ አዘውትሮ ተገኝቷል። የወጣቶቹም ዕብጠት በአብዛኛው ከፊኛው ግድግዳ ላይ ላዩን የሚበቅልና ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። እንዲህ ያለው በጊዜ ከተደረሰበት፣ ሆድ ሳይቀደድ፣ በሽንት መውጫ በሚገባ ቀጭን መሣሪያ ተፍቆ ይወጣል። ሁሉም እንዲህ ገር ነው ማለታችን ግን አይደለም፤ ወደ ሥጋው ጠልቆ የሚገባም አለ፤ ተመልሶ የሚበቅልም ብዙ ነውና ከሕክምናው በኋላ ዓመታት የሚፈጅ ክትትል ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናገር አለብን። ከውጭ አገር ትምህርት በተመለስን ሰሞን አንድ የ24 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር መጣ። ሽንቱ ሁለት ጊዜ ደምቶ ቆሞ ነበር። እኛም ያወቅነውን ለማሳየት ጓጕተን «እንዲህ ያለው በሽታ ከዘር ለውጥ የሚመጣ ሊሆን ይችላል» አልን። አባትየው ተነሥተው ቆሙ። «ዶክተር፣ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ እስከ ሰባት ቤት ያስቈጥሩ!» አሉን። ልጁ ታጭቶ ኖሯል። ወደ ባሕር ዳር የጻፍንለትን የሪፈር ወረቀት አጥፈው በኪሳቸው ከተቱት፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ በዘመድ ፊት የዘርን ነውር ማመን መስሎ ታይቷቸው ነበርና። ከብዙ ወራት በኋላ ደሙ ባልቆመ ጊዜ ሄዱ። ዕብጠቱ ያን ጊዜ ወደ ፊኛው ሥጋ ዘልቆ ተገኘ።

አባትየውን አንወቅሳቸውም። በጐጃም ምድር ጋብቻ ሲታሰብ አጥንት ይቈጠራል፤ «ዘር» የሚለው ቃልም ከሁሉ በፊት የሚያሰማው ይህንኑ ነው። በምዕራብ ጐጃም ብዙ ሰው የሚሠቃይበት ዝሆኔ ዋና መነሻው በባዶ እግር ቀይ አፈር መርገጥ ሆኖ ሳለ፣ ጫማና የእግር መታጠብ ሊከላከሉት ሲችሉ፣ «የዘር ነው» እየተባለ ስንት ልጃገረድ ያለ ባል ቀርታለች! በፊኛ ነቀርሳ የሚገኘው ለውጥ ከሞላ ጐደል ሁልጊዜ በዕብጠቱ ሕዋስ ውስጥ ብቻ በሕይወት ዘመን የተፈጠረ ነው፤ ከአባት አልተወረሰም፣ ለልጅም አይተላለፍም። ሊንች የሚባል በትውልድ የሚተላለፍ ጠባይ ያለባቸው ጥቂት ቤተ ሰቦች መኖራቸውን አንደብቅም፤ በእነርሱ ዘንድ የአንጀትና የማሕፀን ነቀርሳ ገና በጐልማሳነት ይደጋገማል፤ የኵላሊትና የሽንት ቧንቧ ነቀርሳም ይጨመርበታል። ለእነዚያም ቢሆን የሚያስፈልገው ወንድምና እኅት ቀድመው እንዲመረመሩ ነው እንጂ እንዲሸሹ አይደለም።

እንግዲህ ደሙ ቢቆምም ባይቆምም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። በዚያ ሽንቱ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ኢንፌክሽን ወይም ጠጠር ቢሆን ይታወቃል። ምክንያቱ ካልተገኘ፣ ወይም መድኃኒት ተወስዶ ደሙ ከተመለሰ፣ ሕመምተኛው ለአልትራሳውንድ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ፊኛው ከውስጥ ወደሚታይበት ወደ ባሕር ዳር ይላካል። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው የሪፈር ወረቀቱን ይዞ ደረጃውን ጠብቆ ይሂድ፤ ያለዚያ ወጪ በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ በሕመምተኛ ፊት «የዘር ለውጥ» ማለትን ትተናል። «በዕብጠቱ ውስጥ የተፈጠረ የፊደል ስሕተት ነው» እንላለን፤ ይህንንም የምንናገረው በሩን ዘግተን፣ አስቀድሞ ለሕመምተኛው ለራሱ ነው።