የፊዚክስ ሲ የሒሳብን በር ይዘጋል?

ልጃችሁ በሒሳብ ትምህርት ልትመረቅ ጥቂት ወራት ቀርተዋታል እንበል። ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የመቀጠል ምኞት ነበራት። አንድ ማታ ግን ትራንስክሪፕቷን ይዛ ትመጣና «እማዬ፤ ማመልከቱን ትቼዋለሁ» ትላችኋለች። ምክንያቱን ስትጠይቋት ጣቷን በአንድ መስመር ላይ ታሳርፋለች። ፊዚክስ፤ ሲ።

በዚህ ጊዜ «ካልሆነማ ሥራሽን ፈልጊ» ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቀላል። ከዚያ በፊት ግን ማመልከቻውን የሚያነቡት ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ ማወቅ ይገባል።

በአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች ማመልከቻዎቹን የሚመረምሩት የሒሳብ መምህራን ራሳቸው ናቸው። መምህራኑ ትራንስክሪፕትን እንደ ባለሱቅ ከላይ እስከ ታች ደምረው አያልፉትም፤ መርጠው ያነቡታል። ዓይናቸው በቅድሚያ የሚያርፈው በሪል አናሊሲስ፣ በአብስትራክት አልጀብራ፣ በሊኒየር አልጀብራና በቶፖሎጂ ላይ ነው። እነዚህ ትምህርቶች ከስሌት አልፈው አንድ ነገር እውነት መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥን ስለሚጠይቁ፣ ወደፊት የሚጠብቃትን ሥራ ይመስላሉ። በእነዚህ ጠንካራ የሆነች ልጅ በአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ሲ ብታገኝ ብዙም አያሳስባቸውም። በአንጻሩ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም ኤ ሆኖ አናሊሲሱ ሲ ከሆነ ጥያቄው ያኔ ይመጣል። ስለዚህ ልጃችሁ አማካይ ነጥቧን ለማሳመር ስትል ከባዱን የሒሳብ ትምህርት ትታ ቀላል ትምህርት ልትወስድ ካሰበች፣ አይሆንም በሏት።

ይህ ማለት ግን የጎረቤት ትምህርት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የምታመለክተው ሒሳብን በሌላ ሙያ ላይ ለሚያውል ክፍል ከሆነ ፊዚክስና የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ይመዘናሉ፤ ወደ ስታቲስቲክስ ካዘነበለች ደግሞ የፕሮባቢሊቲ ውጤቷ ዋነኛው ነው። ከዚህም ሌላ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች ከ3.0 ያላነሰ አማካይ ነጥብ ይጠይቃሉ። አማካዩ ደግሞ ዘመድና ባዳ አይለይም። በአገራችን የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ጂኦግራፊው፣ ሳይኮሎጂውና ሎጂኩ ሁሉ ከሒሳቡ ጋር አብሮ ይቆጠራል።

በደቡብ ኮሪያ ያደገው የጁን ኸ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ሰው በሶል ብሔራዊ ዩኒቨርስቲ የተማረው ፊዚክስና አስትሮኖሚ ነበር። ከክፍል እየቀረ በርካታ ትምህርቶችን ለመድገም ተገዷል። በመጨረሻ በጃፓናዊው የሒሳብ ሊቅ በሄይሱኬ ሂሮናካ ትምህርት ተስቦ ወደ ሒሳብ ተሻገረ። በአሜሪካ ለ12 ያህል ዩኒቨርስቲዎች ሲያመለክት ሂሮናካ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉለት፤ ቢሆንም ከአንዱ በቀር ሁሉም መለሱት። የተቀበለው የኢሊኖይ ዩኒቨርስቲ ነበር። በ2022 (እ.ኤ.አ.) በሒሳብ ከፍተኛ ክብር ያለውን የፊልድስ ሜዳይ ተሸለመ። እንግዲህ ውጤቱ ብዙ በር እንደዘጋበት አይካድም፤ ግን ሁሉንም አልዘጋበትም። (ይህን ለልጃችሁ ስታወሩላት ከክፍል የመቅረቱን ነገር ብትዘሉት ደግ ነው።)

የድጋፍ ደብዳቤውን ነገር ጠበቅ አድርገን እንመልከተው፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ይጠየቃል። «ጎበዝና ጨዋ ተማሪ ናት» የሚል ደብዳቤ ብዙም አይረዳት። ይህን ከባድ ጥያቄ በዚህ መንገድ ፈታችልኝ፣ ከዚህ ሁሉ ተማሪ መካከል እንዲህ ያለች ናት ብሎ የሚዘረዝር የሒሳብ መምህር ያስፈልጋታል። ያ ሲ የመጣው እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ታናናሾቿን እሷ ስትይዝ በነበረበት መንፈቅ ከሆነም፣ ይህን መምህሩ በሁለት መስመር ቢጠቅሰው ከራሷ አንደበት ይልቅ ይታመናል። የሴት ልጅን ትራንስክሪፕት በጥሞና ያየ ሰው የቤቱን ሥራ፣ የማጀቱን ጭስና የታመመውን ዘመድ አብሮ ሊያይ ይችላል። ወንድሟ በዚያው መንፈቅ ስንት ጊዜ ወጥ ሠርቶ ነበር?

የሒሳብ ጂአርኢ የሚባል ፈተናም አለ። አንዳንድ ክፍሎች ይጠይቁታል፤ ሌሎች ለአመልካቿ ፈቃድ ትተውታል። የፈተናው ግማሽ ካልኩለስ፣ ሩቡ አልጀብራ፣ የቀረው ሌሎች የሒሳብ ዘርፎች ነው። ፊዚክሱ ያስፈራት ልጅ እዚህ ችሎታዋን ልታሳይ ትችላለች።

ገንዘቡ ለሚያሳስባችሁ ሠራተኛ እናቶች፦ በአሜሪካ ለሦስተኛ ዲግሪ ሒሳብ የሚገቡ አብዛኞቹ ተማሪዎች በረዳት አስተማሪነት እየሠሩ ደመወዝ ያገኛሉ፤ የትምህርት ክፍያቸውም ይሸፈናል። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለሦስተኛ ዲግሪ ማመልከትም ይቻላል። የማመልከቻው ክፍያ ግን ለእያንዳንዱ ዩኒቨርስቲ ለየብቻው ስለሆነ ይከብዳል፤ ይቅርታ እንዲደረግላት ጽፋ ብትጠይቅ የሚፈቅዱላት አሉ።

ማመልከቻው በአብዛኛው የሚዘጋው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። መምህራኑን በመስከረም ታነጋግራቸው።