ከቤታችሁ ፊት ለፊት ያለው ትምህርት ቤት የማን ነው?

በዚህ እትም ከቤታችን ደጃፍ ትንሽ ወጣ ብለን ልጆቻችን የሚውሉበትን ግቢ እንመለከታለን። ምሳሌ አድርገን የምናነሣው ቆቦንና የራያን ቆላ ነው። ለምን ቆቦ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በዚያ ያለ አንድ ልጅ ባለፉት ዓመታት የደረሰበትን ስትቆጥሩ፣ ትምህርት ቤት በምን ያህል ቀላል ነገር እንደሚቋረጥና ሲቋረጥም ሸክሙ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ስለሚታያችሁ ነው።

እስቲ አብረን እንቁጠር። በመስከረም 2012 ዓ.ም. በ7 ዓመቱ 1ኛ ክፍል የገባ አንድ የቆቦ ልጅ አስቡ። ገና ፊደሉን ሳይጨርስ መጋቢት 7 ቀን በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በጥቅምት 2013 የበረሃ አንበጣ በራያ ማሽላና ጤፍ ላይ ወረደ፤ በዚያው ወር ማብቂያ በሰሜን ጦርነት ተነሣ። በሐምሌ 2013 ጦርነቱ ቆቦ ገባ፤ በጳጉሜን 2013 ከተማዋ ሙታኗን ቀበረች። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ አካባቢው በጦርነት ውስጥ ቆየ። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ውጊያው እንደገና ተቀሰቀሰ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። ሰዉ «ተመስገን» ብሎ ሳይጨርስ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በ2017 የትምህርት ዘመን በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደነበሩ ተነግሯል።

ያ ልጅ በመስከረም 2018 ዓ.ም. 13 ዓመት ሞላው። ሳይቋረጥበት የተማረው ሙሉ ዓመት ስንት ይሆናል? ለመቁጠር አንድ እጅ ይበቃችኋል፤ እንዲያውም ጣት ይተርፋችኋል።

ለነገሩ ችግሩ ከጦርነቱ በፊትም ነበረ። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። ያኔ ስንቶቻችን ልብ አልነው? በኋላ ግን ውጤቱ በ12ኛ ክፍል ፈተና ገሃድ ወጣ። የ2015 ዓ.ም. ፈተና 845,188 ተማሪዎች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ መሆናቸውን የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ሲገልጹ አገር ደነገጠ። ከመቶ 3.2 ማለት ነው። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም ከመቶ ልጅ 8 አልፎ ደስ የሚለው ወላጅ የትኛው ነው? 12ኛ ክፍል የወደቀው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የወደቀው በዚያ ዓመት አይደለም። 1ኛና 2ኛ ክፍል ሳለ ሳያነብ አልፎ፣ እኛም ዝም ብለን አሳልፈነው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ትምህርት ቤቱ የማን ነው? ብዙዎቻችን «የመንግሥት ነው» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። መንግሥት ግን አንድ ሰው አይደለም። ፖሊሲውን፣ ደረጃውንና ብሔራዊ ፈተናውን የሚያወጣው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። የክልሉ ትምህርት ቢሮ የአንደኛ ደረጃን ሥርዓተ ትምህርትና የመምህራን ኮሌጆችን ይይዛል። ወልድያ ያለው የሰሜን ወሎ ዞን ትምህርት መምሪያ ይደግፋል፣ ይከታተላል። መምህር የሚመድበው፣ ደመወዝ የሚከፈልበትን በጀት የሚይዘውና ሱፐርቫይዘር የሚልከው ግን የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ቆቦ ወረዳ ብቻውን ከ220 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው። ከዞብል ተራራ ሥር አንሥቶ እስከ ሮቢትና ጎብዬ ያለውን ትምህርት ቤት ሁሉ አንድ ቢሮ ብቻውን ሊያየው እንደማይችል ግልጽ ነው። ስለዚህም በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ መመሪያ ሥልጣኑን ወደ ታች አወረደው። በቀበሌ ደረጃ የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ በትምህርት ቤቱ ደግሞ የወላጅና መምህር ኅብረት እንዲቋቋም አደረገ፤ በኋላ ተማሪም ተጨምሮበት «ወመተኅ» እየተባለ ይጠራል።

ይህ ኅብረት ሻይ ጠጥቶ የሚበተን ማኅበር አይደለም፤ ቢያንስ እንዲያ እንዲሆን አልታሰበም። የትምህርት ቤቱን ዓመታዊ ዕቅድ ያያል፤ ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ ይከታተላል፤ ልጆች ለምን እንደቀሩ ይጠይቃል፤ የመምህሩንና የተማሪውን ሥነ ሥርዓት ይመለከታል፤ መዋጮ ያስተባብራል። አባላቱን የሚመርጠው ከንቲባው ወይም ርእሰ መምህሩ ሳይሆን የወላጆች ጉባኤ ነው። አንዳንድ ቦታ ርእሰ መምህሩ ጽፎ ያመጣውን ቃለ ጉባኤ ፈርሞ የሚወጣ ኅብረት መኖሩ አይካድም። ይህ የሚሆነው ግን ወላጁ ሲቀርና ወንበሩን ለማንም ሲተው ነው።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ባለትዳሮች የቤት ወጪ የምታውቁ ስለሆናችሁ አይከብዳችሁም። ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ክልሉ ለወረዳው ጥቅል በጀት ይሰጣል። የወረዳው ምክር ቤት ያንን ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለውኃና ለሌላውም ይደለድላል። ትምህርት ብዙ ሠራተኛ ስላለው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ድርሻ ያገኛል፤ ነገር ግን የሚበዛው ለደመወዝ ይሄዳል። የቤት ኪራይና አስቤዛ ተከፍሎ በኪስ ሳንቲም እንደሚቀር ቤተሰብ ማለት ነው። ለጠመኔ፣ ለተሰበረ ዴስክ፣ ለሴት ልጆች መጸዳጃ በር የሚሆነው ከየት ይመጣል?

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር ልክ ለየትምህርት ቤቱ ድጎማ መስጠት ተጀመረ። ሲጀመር ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላለ ለአንድ ተማሪ 50 ብር ነበር። በእነዚህ ክፍሎች 600 ልጆች ያሉት ትምህርት ቤት 30,000 ብር ያገኛል ማለት ነው። ትንሽ ናት፤ ነገር ግን በትምህርት ቤቱ ደረጃ የምትወሰን ገንዘብ ናት። መጽሐፍ መደርደሪያ ትሁን ወይስ ቀለም፣ አጥር ትሁን ወይስ የመጸዳጃ በር፣ የሚነገረው እዚያ ስብሰባ ላይ ነው። ከዚህ በላይ ያለውን ሕዝቡ ራሱ በድንጋይ፣ በአሸዋ፣ በጉልበትና በብር ይሸፍናል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው ንቅናቄም ሕዝቡ ትምህርት ቤቱን እንዲያድስ የሚጠራ ነው። በጦርነቱ ዴስኩ የተማገደበት፣ ጣሪያው የተነቀለበት፣ ቤተ መጻሕፍቱ የተዘረፈበት ክልል ይህን መጠየቁ አያስገርምም። የሚያሳዝነው ወላጁ ማሽላውን ሸጦ አዋጥቶ ደረሰኝ ሳይጠይቅ፣ ሒሳቡም በማስታወቂያ ሰሌዳ ሳይለጠፍ ዓመቱ ሲያልፍ ነው። መስጠት መንፈሳዊ ነው፤ መጠየቅም ከመንፈሳዊነት አያጎድልም።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በሰፈራቸው የትምህርት ቦርድ አባላትን በድምፅ ሲመርጡ፣ ከትምህርት ቤቶቹ ወጪ ከፊሉ ደግሞ ከነዋሪው የቤት ግብር ሲሰበሰብ ያያሉ። እዚያ ሰዉ የሚጮኸው የከፈለው ገንዘብ ስለሚያመው ነው። የራያ ገበሬስ በጉልበቱ የተሸከመው ድንጋይ አያመውም?

ወደ ራሳችን እንመለስ። በራያ ቆላ አብዛኛው ሕዝብ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ ነው፤ ሙስሊሙም ብዙ ነው፤ ወንጌላውያን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጥቂት መሆን ሁለት ፈተና ያመጣል። አንደኛው መሸሽ ነው፤ «እዚያ ስብሰባ ማን ይሰማናል» ብሎ መቅረት። ሁለተኛው ደግሞ ወንበሩን አግኝቶ መድረክ ማድረግ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይላል፤ ይህ ለእኛም ጥበቃ ነው። ወመተኅ ውስጥ የምትገቡት ስለ መጸዳጃ በር ልትናገሩ እንጂ ልትሰብኩ አይደለም። ከጎናችሁ የተቀመጡት ቄስ ወይም ሼኽ የልጅ ልጃቸው እዚያው ክፍል ነው የሚማረው። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን በሽማግሌ የሚያስታርቅ የራያ ሕዝብ ስለ አንድ የጠመኔ ካርቶን መስማማት አያቅተውም።

መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 3ን ስናነብ ብዙዎቻችን የስሞቹን ዝርዝር ዘለን እናልፋለን። ግን እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከሠሩት አንዳንዶቹ በየቤታቸው አንጻር ያለውን ቅጥር ነው ያደሱት። ሰሎም የሚባል የግማሽ ኢየሩሳሌም ግዛት አለቃ ከሴት ልጆቹ ጋር ወጥቶ ሠራ። ከቴቁሐ የመጡት ደግሞ ታላላቆቻቸው ሥራውን እምቢ ብለው ሳለ ሕዝቡ አንዱን ክፍል ጨርሶ ሌላ ክፍል ጨመረ። ለእኔ ከምዕራፉ ሁሉ ልብ የሚነካው ይህ ነው። አለቆቹ እስኪመጡ አልጠበቁም።

ታዲያ ባልና ሚስት ምን ታድርጉ? በራያ ይህ ጥያቄ ከማሽላው ጋር የተያያዘ ነው። ማሽላው በጥቅምትና በኅዳር ሲያፈራ ግሪሳ ወፍ ይወርድበታል። ያኔ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የሚወጣው ልጅ ነው፤ ከብቱንም የሚጠብቅ እርሱ ነው። ቤተሰቡ የዓመት ቀለቡን ሊያተርፍ ነውና ማንንም «ለምን» ብለን ልንወቅስ አንችልም። ነገር ግን የቀረው ልጅ መጋቢት ላይ ፊደል ሲምታታበት፣ «ይህስ ጭንቅላት የለውም» ተብሎ ለዘለቄታው ለከብት ይሰጣል። ሁለታችሁ ዘር ሳይዘራ ተነጋገሩ። ልጆቹ ተራ ይገባሉ ወይ? ከጎረቤት ጋር ወፍ ጥበቃውን በወንፈል መያዝ ይቻላል ወይ? ትምህርት ቤቱስ በእነዚያ ሳምንታት ፈረቃውን ሊያስተካክል ይችላል ወይ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ወመተኅ ማንሣት ይችላል፤ የሚያነሣው ግን ማማ ላይ ልጅ ያለው ወላጅ ነው።

ስብሰባ ሲጠራ ባል ብቻ የሚሄድበት ቤት ብዙ ነው። እናት ትሂድ፤ ካልሆነም በየተራ ሂዱ። ልጅቷ የወር አበባ ሲመጣባት ለምን ሦስት ቀን እንደምትቀር የምታውቀው እናት ናት፤ አባት ስለ መጸዳጃው በር አንድ ቃል ሳይናገር ይመለሳል። ባሎች፣ ይህን ስል አትቀየሙኝ። ሚስቶቻችሁ ስብሰባ ሲውሉ ምሳውን ማን እንደሚያቀርብ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ለአብያተ ክርስቲያናትም አንድ ቃል አለኝ። አዳራሻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶውን ይውላል። የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎቻችን ፊደል ማስተማር ያውቁበታል። ዓመታቱ ያመለጡት የ13 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመት ሕፃናት ጋር መቀመጥ ያሳፍረዋል፤ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ንባብ ብቻ የሚለማመድበት ቦታ ቢያገኝ ግን ይመጣል። የጎረቤት ልጅ ሁሉ ይምጣ፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ወላጆቹ የት እንደሚያመልኩ አይጠየቅ። ከመጀመራችሁ በፊት ለርእሰ መምህሩና ለቀበሌው አሳውቁ፤ ወላጆቹንም አስፈቅዱ፤ በር ክፍት ይሁን፤ የሚነበበውም የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ይሁን። ወጪው ጠመኔና አንድ ሰሌዳ ነው።

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ወረዳው የሚደለድለው ያን ሰሞን ነው። የትምህርት ቤቱ ዕቅድ ከዚያ በፊት ካልተነገረ ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል። ስለዚህ ሰኔ ላይ የልጃችሁን ካርድ ልትወስዱ ስትሄዱ ርእሰ መምህሩን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የዘንድሮው ድጎማ ስንት ነበር፣ የወላጆች ጉባኤስ መቼ ይጠራል? ቀኑን ከሰሙ በኋላ ሚስትየው በካርዱ ጀርባ ትጻፈው።