«ዐመፀኛ» ማን ያወጣው ስም ነው?

በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቢሃፍሪድ የተባለ የዞራስተር እምነት ተሐድሶ መሪ በኢራን ኒሻፑር አካባቢ ተነሣ። በቀን ሰባት ጊዜ መጸለይን አስተማረ፤ የቅርብ ዘመዶችን ጋብቻ ከለከለ። የገዛ ሃይማኖቱ ካህናት ከሰሱት፤ አቡ ሙስሊምም አስገደለው። አቡ ሙስሊም ራሱ በኡመያ ሥርወ መንግሥት ላይ የተነሣውን ንቅናቄ ይመራ ነበር። እርሱ ስላሸነፈ ሥራው «አብዮት» ተባለ፤ የቢሃፍሪድ ግን «ዐመፅ» ሆኖ ቀረ። ስለ ቢሃፍሪድ የሚታወቀውም እንደ አል ቢሩኒ ያሉ የውጭ ሰዎች ከጻፉት ነው፤ አል ቢሩኒ የጻፈው ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

የኢትዮጵያ ታሪክ ተመሳሳይ ክስ ያውቃል፤ የተከሳሾቹ ቃል ግን አልጠፋም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ እስጢፋኖስና ደቀ መዛሙርታቸው ስግደት ለሥላሴ ብቻ እንደሚገባ አስተማሩ፤ ለንጉሥም አንሰግድም አሉ። የከሰሷቸው መነኮሳት ነበሩ፤ የቀጣቸው ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.)። አባ እስጢፋኖስ በእስር ሞቱ፤ ብዙ ተከታዮቻቸው ተገረፉ፣ ተገደሉም። የቤተ መንግሥቱ ወገን «ጸረ ማርያም» አላቸው። ገድለ እስጢፋኖስና ገድለ አበከረዙን ግን የሚናገሩት ጦር ስላላነሡ፣ በእጃቸው ሥራ ስለሚኖሩና ሕግን ከንጉሥ ፈቃድ በላይ ስላደረጉ መነኮሳት ነው። ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» በሚል ርእስ ይህን ድምፅ ለአማርኛ አንባቢ አድርሰዋል።

ገድል ከአድልዎ የጸዳ ምስክር ነው ማለት አይቻልም፤ የተጻፈው ሰማዕታትን ለማክበር ነው። ዜና መዋዕልም የተጻፈው ንጉሥን ለማክበር ነው። ተመራማሪው ከሁለቱ አንዱን «ታሪክ»፣ ሌላውን «ተረት» ብሎ ከለየ፣ የምርምሩን ፍርድ አስቀድሞ ለሌላ አሳልፎ ሰጥቷል። ስለዚህ «ዐመፅ» እና «ኑፋቄ» የጥናት መነሻ ሳይሆኑ መጠናት ያለባቸው ቃላት ናቸው፤ ማን፣ መቼና ለምን ጥቅም እንደተናገራቸው መጠየቅ ይገባል።

ደቂቀ እስጢፋኖስ ኋላ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ታርቀዋል፤ ጉንዳ ጉንዶ ገዳማቸውም የብራና መጻሕፍት መዝገብ ሆኖ ቆይቷል። ቢሃፍሪድ እንዲህ ያለ ገዳም አልነበረውም። በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለው ታላቅ ልዩነት በትምህርታቸው ብቻ አይደለም፤ የተሸናፊውን መጽሐፍ የሚጠብቅ ቤት በመኖሩና ባለመኖሩም ነው።