የፈታዮቹ ድምፅ በስብሰባው ይሰማ

በጨንቻ ደጋ ጥጡን የሚፈትሉት ሴቶች፣ ሸማውን የሚሠሩት ወንዶች መሆናቸው የታወቀ ነው። እንሰት ፍቆ ቆጮ ማዘጋጀትም የሴቷ ድርሻ ነው። ባል ለሽመና ሥራ ሽሮ ሜዳ ሲሄድ ጓሮውም ማሳውም በእርሷ ላይ ይወድቃል። ይህን ሁሉ የምትሸከም ሴት ግን ብዙ ጊዜ ከስብሰባ ሳትናገር ትመለሳለች።

የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31፣ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ ያለ ፆታ ልዩነት መሬት እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። በተግባር ግን የተመዘገበው በአብዛኛው የባል ስም ነበር። ሕግ ብቻውን አንደበት አይሆንም።

አንደበት የሚገኘው ከእኩዮች መካከል ነው። ሴቶች ለመፍተል፣ ለእንሰት ሥራ ወይም ለዕቁብ ሲሰባሰቡ ችግራቸውን ይወያያሉ፤ የጥጥና የፈትል ዋጋ ይጠያየቃሉ። አንዷ ብቻዋን የፈራችውን አብረው ይናገሩታል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ለሴቶቹ መሰብሰቢያ ቦታ ሊሰጡ፣ ጠቅላላ ስብሰባን በገበያ ቀን ከመጥራት ሊቆጠቡ፣ የሴቶቹንም ጉዳይ በተወካያቸው አማካይነት በአጀንዳ ሊያስይዙ ይገባል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ፈታይዋን ከውይይቱ ያስቀረ ማኅበር ግን የጉልበቱን እኩሌታ እንዳጣ ሊገነዘብ ይገባል።