«ኢንሻአላህ» ወይስ «አልችልም»?



ጎረቤታችን ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ብድር ሲጠይቀን «አልችልም» ማለት ብዙዎቻችንን ያሳፍረናል። ስለዚህ እንደማንሰጥ እያወቅን «ኢንሻአላህ፣ ሰኞ» እንላለን። እርሱም ሌላ ሰው ሳይጠይቅ ሰኞን ይጠብቃል። የአላህን ስም የእምቢታ መሸፈኛ አደረግነው፤ ወንድማችንንም ጎዳነው። ሌሎቻችን ደግሞ በይሉኝታ ተይዘን የአስቤዛውን ገንዘብ እንሰጥና ቤታችን ገብተን በልጆቻችን ላይ እንቆጣለን።

ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ 28ኛው አንቀጽ፣ የሚሰጠው ያጣ ሰው ለጠያቂው ለስላሳ ቃል እንዲናገር ያዝዛል። ቀጣዩ አንቀጽ እጅን ከመቆለፍም ፈጽሞ ከመዘርጋትም ይከለክላል። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታመው ሳለ የሀብታቸውን ሁለት ሲሶ ለምጽዋት ለመናዘዝ ቢሹ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወራሾቻቸው ለልመና እንዳይዳረጉ ከአንድ ሲሶ እንዳያልፉ ገድበዋቸዋል።

እንግዲያው ዛሬውኑ በለሰለሰ አንደበት «ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ አልችልም፤ ይህን ያህል ግን እችላለሁ» እንበል። ጠያቂው ሌላ በር ለማንኳኳት ጊዜ ያገኛል። «ኢንሻአላህ»ንም ከልባችን ላሰብነው ነገር ብቻ እናውለው።

አላህ ቃላችንን እውነተኛ ያድርግልን። አሚን።