ሌባሻይ በሲኒማችን

«የመርማሪ ፊልም የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ ለኛ ሕዝብ አይሆንም» የሚሉ የፊልም ሰዎች አሉን። አባባሉ ሲደጋገም ኖሮ ዛሬ እንደ እውነት ተደላድሎ ተቀምጧል። እኔ አልቀበለውም። የጸሐፊ ስንፍና በሕዝብ ሲሳበብ ዝም ማለትም አይሆንልኝም።

እስቲ መጀመሪያ ያ የፈረንጅ ጨዋታ የተባለው ምን እንደሆነ እንይ። ፈረንሳዊው ሬኔ ክሌር በ1945 (እ.ኤ.አ.) ሆሊውድ ላይ የአጋታ ክሪስቲን «ከዚያም ማንም አልቀረም» ፊልም አድርጎ ሠራው። አሥር ሰዎች በማያውቁት ጌታ ተጠርተው በአንዲት ደሴት ላይ ወዳለ ትልቅ ቤት ይገባሉ። ያደረሳቸው ጀልባ ጥሏቸው ይመለሳል። ከእራት በኋላ ከሸክላ የሚወጣ ድምፅ እያንዳንዳቸውን በነፍስ ማጥፋት ይከሳል። ከዚያ አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ ሰው በሞተ ቁጥርም ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት አሥር ትናንሽ ምስሎች አንዱ ይጎድላል። ገዳዩ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ አብሮ የሚበላ፣ አብሮ የሚደነግጥ ሰው ነው። ሆሊውድ ፍጻሜውን ከልብ ወለዱ አለስልሶ ሁለት ሰዎች አትርፏል፤ ውሉን ግን አላፈረሰም።

ውሉ ምንድን ነው? በሩ ተዘግቷል፤ ጥፋተኛው ከመካከላችን ነው፤ ምልክቱ ሁሉ ከፊታችሁ ተቀምጧል፤ እንግዲህ አስቡ! የእንዲህ ዓይነቱ ፊልም ጉልበት ከዚህ ውል እንጂ ከቤቱ ግርማና ከምንጣፉ ውፍረት አይመጣም።

ለመሆኑ ይህ ውል ለኛ ባዕድ ነው? አያቶቻችን አውጫጭኝ ይሉት ነበር፤ አፈርሳታም ይባላል። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ ያገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ጉዳዩ አይሄድም። ስሙን ገልጦ መናገር የፈራም «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ጣሪያና ግድግዳ የለውም እንጂ ይህ ሜዳ ከሆሊውድ የተዘጋ ቤት በምን ያንሳል? ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ይህን አይቶ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ «ዘ አፈርሳታ» የተሰኘ ልብ ወለዱን በሄይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ አሳትሟል። ጎጆ ይቃጠላል፤ ገንዘብ ይሰረቃል፤ መንደሩ ደጋግሞ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ግን አይገኝም። ታሪኩ የኛ ሆኖ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

ከአውጫጭኝ ጎን ሌላም ውርስ አለን፤ ሌባሻይ። አንድ ብላቴና መድኃኒት ይጠጣል፤ ናላው ይዞራል፤ እየተንገዳገደ ይሮጣል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ጥያቄ የለ፣ ማስረጃ የለ፣ ክርክር የለ።

ክሴ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሲኒማችን ከሁለቱ ውርሶች ሌባሻዩን መረጠ። በአብዛኞቹ ፊልሞቻችን ምሥጢር የሚፈታው በማሰብ አይደለም። ወይ ክፉው ሰው በስልክ ሲያወራ በአጋጣሚ ይሰማል፤ ወይ በሞት አፋፍ ያሉ አክስት ሁሉን ይዘከዝኩታል፤ ወይ ጥፋተኛው ሙዚቃው ከፍ ሲል እያለቀሰ ይናዘዛል። ተመልካቹ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ አንዴ እንኳ «ቆይ፣ ይህን ማን ሊያደርገው ይችላል?» ሳይል ይወጣል። ብላቴናው ሮጠ፣ ወደቀ፣ አለቀ!

«ሕዝቡ አይወደውም» ይሉናል። የትኛው ሕዝብ? «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣን እየተቀባበለ ያነበበው? የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችና ማሞ ውድነህ የተረጎማቸውን የስለላ መጻሕፍት ሲያሳድድ የኖረው? ገና በ1950ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም ብቅ ሲል ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ «ሂሩት አባቷ ማነው?»

«ገንዘብ የለንም፤ የሚቀረጽበት ቤትም የለንም» የሚለውም አልሸሹም ዞር አሉ ነው። እኛ ባሕር ዳር ያለን ሰዎች የፊልም ቡድን ሲመጣና ሲሄድ እናያለን። ጣና ዳር ዘንባባ ሥር ሁለት ፍቅረኞች ያቆማሉ፤ ጀምበር ስትጠልቅ ይቀርጻሉ፤ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ያክሉበታል፤ ይመለሳሉ። 37 ደሴቶች እንዳሉት የሚነገርለት ሐይቅ የፎቶ ቤት መጋረጃ ሆኖ ቀረ!

ደቅን ተመልከቱ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ እዚያ ናት፤ ገበሬውም፣ ቤተሰቡም፣ ፍቅሩም፣ ቂሙም እዚያው ነው። ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲበረታ ታንኳ አይወጣም። ሞባይሉስ ቢሉ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለዚህ አገር ሰው ማስረዳት አያሻም። ለተዝካር የተሰበሰቡ አሥር ዘመዳሞች፣ አንድ የበጋ ሌሊት፣ አንድ የጠፋ የውርስ ወረቀት ይበቃል። የደንገል ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ ከሐይቁ ሲወጣ እንዲደርቅ ይቆማል። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልተነካም» የተባለው ታንኳ ጧት ርጥብ ሆኖ ከተገኘ ማን ቀዝፎበታል? ይህ ጥያቄ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። የሚጠይቀው ብዕር ይዞ መቀመጥን ነው።

አውጫጭኝን ቅዱስ አላደርገውም። ድሃውን ከእርሻው አስተጓጉሏል፤ የማትታይ ወፍም ንጹሑን ሰው ልታስወነጅል ትችል ነበር። የመርማሪ ታሪክ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ወፏን «ማስረጃሽን አምጪ» ይላታል።

ነገሩ መዝናኛ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጮህኩ። ሰው በወሬ የሚፈረጅበት፣ «አሉ» የሚለው ቃል ምስክር ሆኖ የሚቆምበት ዘመን ላይ ነን። በጨለማው አዳራሽ ሳይጠይቅ መፍረድን የለመደ ተመልካች ወደ ብርሃን ሲወጣም እንዲሁ ይፈርዳል፤ የሚፈርደውም በጎረቤቱ ላይ ነው።

ስለዚህ እናንት የፊልም ሰዎች፣ ያን ብላቴና አሳርፉት። ያገሩን ሰው ሰብስቡ፤ በሩን ዝጉ፤ ምልክቱን ሁሉ ሳትደብቁ አስቀምጡልን። የቀረውን ማሰብ ለኛ ተዉት።